በርቀት የቆየ ትዳርን ለካናዳ ስፖንሰርሺፕ በምን ማስረዳት ይቻላል?

ጠያቂያችን በካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ከባለቤታቸው ጋር በኢንተርኔት ተዋውቀው ግንኙነታቸው ሦስት ዓመት አስቆጥሯል። በአካል የተገናኙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ጉዟቸው ባለቤታቸው ወዳሉበት አገር ሄደው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋብተው፣ ጥቂት ሳምንታት አብረው ቆይተው ተመልሰዋል። አሁን ስፖንሰር ለማድረግ ሲዘጋጁ፣ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ የጋራ የባንክ ሒሳብና የጋራ የኪራይ ውል የሚሉ ነጥቦችን አይተው ተጨንቀዋል። «አንዱም የለንም፤ ያለን በሺዎች የሚቆጠር የዋትስአፕና የቴሌግራም መልእክት ነው። ሁሉንም አትሜ ላስገባ? አብረን አለመኖራችንስ ማመልከቻውን ውድቅ ያደርገዋል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። አብራችሁ አለመኖራችሁ ብቻውን ማመልከቻዎን ውድቅ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ በቤተሰብ ክፍል ስፖንሰር የሚደረጉ አጋሮችን በሦስት ይለያቸዋል። አንደኛው ሕጋዊ ባል ወይም ሚስት ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ኮመን ሎው የሚባለው፣ ጋብቻ ሳይፈጸም ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብሮ የኖረ አጋር ነው። ሦስተኛው ኮንጁጋል ፓርትነር የሚባለው ሲሆን፣ ከካናዳ ውጭ ለሚኖርና ከስፖንሰሩ ጋር ቢያንስ አንድ ዓመት የዘለቀ ጽኑ ትስስር ላለው፣ ነገር ግን ከአቅም በላይ በሆነ እንቅፋት ማግባትም አብሮ መኖርም ላልቻለ ሰው የተተወ ጠባብ በር ነው። አብሮ መኖርን እንደ መመዘኛ የሚያስቀምጠው ሁለተኛው ብቻ ነው። እርስዎ በሕግ የተጋቡ ስለሆኑ በመጀመሪያው ይስተናገዳሉ፤ ስለዚህ የጋራ የኪራይ ውል ከሌላችሁ፣ ለምን እንደሌለ ገልጸው በምትኩ ሌላ ማስረጃ ያቀርባሉ። «በየቀኑ ስለምትነጋገሩ ኮመን ሎው ብላችሁ ሙሉ» የሚል ምክር የሚሰጥዎት ሰው ካለ ግን አይቀበሉት።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2015 ወዲህ ካናዳ፣ ለጦር ኃይል አባላቷ ከተተወው ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ በአካል ሳይገኝ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለስፖንሰርሺፕ አትቀበልም፤ ጋብቻው በተፈጸመበት አገር የጸና ቢሆንም እንኳ። እርስዎ በቦታው ስለነበሩ ይህ አያሰጋዎትም፤ መገኘትዎን ግን በፓስፖርትዎ ላይ ባለው የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያሳዩ።

ፈተናው ያለው በደንቡ አንቀጽ 4 ላይ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ጋብቻው በዋነኛነት የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት የተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም እውነተኛ ካልሆነ፣ ኦፊሰሩ ባለቤትዎን እንደ ባለቤት አይቆጥራቸውም። ቀድሞ ማመልከቻን ውድቅ ለማድረግ ሁለቱም ጉድለቶች በአንድነት መገኘት ነበረባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደንቡ ከተሻሻለ ወዲህ ግን አንዱ ብቻ ይበቃል። የሁለቱ ፈተናዎች ጊዜ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ተመልሶ በተጋባችሁበት ወቅት ምን አስባችሁ እንደነበር ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ትዳሩ በእርግጥ ያለ ትዳር መሆኑን ይመረምራል። በማያቸው ፋይሎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝና የሚያሳዝነኝ ጉድለት የሚመነጨው ይህን ካለማስተዋል ነው። ጥንዶቹ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ያለውን በብዛት ይሰበስባሉ፤ ከሠርጉ በፊት የነበረውን ጊዜ፣ ማለትም እንዴት እንደተዋወቁ፣ መቼ ነገሩ እንደጠነከረ፣ ማን ለማን መቼ ጋብቻን እንዳነሣ፣ ቤተሰብ መቼ እንደሰማ የሚያሳየውን ግን ባዶ ይተዉታል። እንዲህ ያለ ፋይል የዛሬውን ፍቅር ቢያሳይም፣ የመጀመሪያውን ፈተና የሚመልስ ነገር የለውም። ስለዚህ ከሦስቱ ዓመታት ውስጥ ከጋብቻው በፊት ለነበሩት የተለየ ትኩረት ይስጧቸው።

አብሮ አለመኖር የሚተወውን ክፍተት በምን መሙላት እንደሚቻል ለማየት አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይረዳናል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 «ኤም እና ኤች» በሚባለው መዝገብ፣ እንደ ባልና ሚስት የሚታይ ትስስር መለያዎች ናቸው ብሎ የጋራ መኖሪያን፣ የግልና የፆታ ግንኙነትን፣ በዕለት ኑሮ መረዳዳትን፣ ማኅበራዊ ተሳትፎን፣ የገንዘብ መደጋገፍን፣ ልጆችንና ማኅበረሰቡ ጥንዶቹን የሚያይበትን መንገድ ጠቅሷል፤ ሁሉም በእያንዳንዱ ግንኙነት ውስጥ በእኩል መጠን መገኘት እንደማይጠበቅባቸውም አስረድቷል። ከእነዚህ ውስጥ ርቀት የሚከለክላችሁ በዋናነት የጋራ መኖሪያውን ነው። የቀሩት በያላችሁበት ሆናችሁም ምልክት ትተው ያልፋሉ፤ ያንን ምልክት መፈለግ ይገባል።

ወደ መልእክቶቹ ልመለስ። ሁሉንም አያትሙ። የባልና ሚስት ማመልከቻ የሰነድ ዝርዝር የሆነው አይኤምኤም 5533 ቅጽ ለመልእክትና ለደብዳቤ ቢበዛ 10 ገጽ፣ ለፎቶግራፍ ደግሞ ቢበዛ 20 ያህል ብቻ ይፈቅዳል፤ ቅጹ በየጊዜው ስለሚታደስ ሊያስገቡ ሲሉ በዕለቱ ያለውን ቅጂ አውርደው ቁጥሩን ያረጋግጡ። ገደቡ ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ ዋናው ሥራ መምረጥ ነው። አሥሩን ገጾች ከአንድ ሰሞን አይውሰዱ፤ ከሦስቱም ዓመታት፣ ከእያንዳንዱ የጥቂት ወራት ክፍል አንድ ገጽ ያህል ይምረጡ። ሲመርጡም የፍቅር ቃላት የበዛባቸውን አያስቀድሙ፤ «የኔ ፍቅር» የሚለውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ለምሳሌ ባለቤትዎ ማክሰኞ ማታ «ነገ እናቴን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ብለው ጽፈው፣ ረቡዕ እርስዎ ከሥራ መልስ «ምን አሏት? መድኃኒት ቀየሩላት?» ብለው የጠየቁበት፣ እሳቸውም የመድኃኒቱን ወረቀት ፎቶ አንሥተው የላኩበት ገጽ ካለዎት፣ ከሃምሳ ገጽ የናፍቆት መልእክት ይበልጣል። አንዱ የሌላውን ውሎ እንደሚያውቅ፣ ነገሩን እንደሚከታተል፣ ቤተሰቡን እንደ ቤተሰብ እንደያዘ ያሳያልና። ተጣልታችሁ የታረቃችሁበት፣ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ወደፊት መኖሪያ የተከራከራችሁበት ገጽም አያሳፍርም፤ እውነተኛ ኑሮ ያለበት ነው።

እያንዳንዱ ስክሪንሾት ላይ ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ሙሉ ቀንና የላኪው ማንነት። ብዙ ሰው የባለቤቱን ስልክ «ሕይወቴ» ወይም «ውዴ» ብሎ ስለሚመዘግብ፣ ስክሪንሾቱ ላይ የሚታየው ያ ቁልምጫ ብቻ ይሆናል። ኦፊሰሩ «ሕይወቴ» ማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የተመዘገበውን ስም ከነስልክ ቁጥሩ የሚያሳየውን ገጽ አንድ ጊዜ ከፍተው ያስቀድሙት፤ ቁጥሩም ባለቤትዎ በማመልከቻ ቅጾቻቸው ላይ ከሞሉት ጋር ይመሳሰል። ቁጥር ቀይረው ከሆነ መቼ እንደቀየሩ በአንድ መስመር ይግለጹ። የቪዲዮና የድምፅ ጥሪዎች ይዘት ስለማይቀር፣ ድግግሞሻቸውንና ርዝመታቸውን የሚያሳይ የጥሪ ዝርዝር ከተለያዩ ወራት ቢጨምሩ ጥሩ ነው።

መልእክቶቻችሁ በአማርኛ ከሆኑ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም አለባቸው። ትርጉሙን እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም የቅርብ ዘመድ መሥራት አይችልም፤ ዘመድየው በሙያው ተርጓሚ ወይም ጠበቃ ቢሆንም። በማኅበር የተመሰከረለት ተርጓሚ ካልሆነ የተርጓሚው ቃለ መሐላ ይያያዛል፤ ዋናው የአማርኛ ገጽም አብሮ ይቀርባል። ለትርጉም የሚወጣው ወጪ ራሱ ጥቂት ገጽ መርጦ ማቅረብን ያስገድዳል።

አማርኛ አንባቢዎችን በተለየ የሚመለከት አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። በኢትዮጵያ የተሰጠ ሰነድ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፣ ጥንዶቹም ቀኑን የሚያስታውሱት በዚያው ነው፤ ቅጹ ግን የሚሞላው በጎርጎርዮሳዊው ነው። ስሕተት የሚመጣው በዓመቱ ብቻ አይደለም። ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥር 10 ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ላይ ዋለ፤ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ነው። እርስዎ በአንዱ ቀመር፣ ባለቤትዎ በግምት፣ ተርጓሚው ደግሞ በሌላ ከቀየራችሁት፣ ስለ አንድ ቀን ሦስት ቀኖች ፋይሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህን አቆጣጠር የማያውቅ ኦፊሰርም ጥንዶቹ የተጋቡበትን ቀን እንኳ አያውቁም ሊል ይችላል። ስለዚህ የተዋወቃችሁበትን፣ በአካል የተገናኛችሁበትን፣ የታጫችሁበትንና የተጋባችሁበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ሁለታችሁም ቅጾቻችሁን ከዚያ ወረቀት ሙሉ። በተለይ ስለ ግንኙነታችሁ ዝርዝር ጥያቄ የያዘው አይኤምኤም 5532 ቅጽ የፋይሉ የጀርባ አጥንት ስለሆነ፣ በእሱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀን በማስረጃው ውስጥ የሚያመሳክረው ነገር ሊኖር ይገባል።

ከዚያው ወረቀት ላይ የማብራሪያ ደብዳቤ ያዘጋጁ። ደብዳቤው ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ ሆኖ ታሪካችሁን በቀን ቅደም ተከተል ይተርካል፤ በየቦታው «ይህን ማስረጃ ይመልከቱ» እያለ ወደ ገጹ ይመራል። ዋናው ጥቅሙ ግን ክፍተቶችን ከወዲሁ መመለሱ ነው። በሦስት ዓመት ለምን ሁለት ጊዜ ብቻ ተገናኛችሁ? ምክንያቱ የሥራ ፈቃድ ማነስ ከሆነ የአሠሪዎን ደብዳቤ፣ የትኬት ዋጋ ከሆነ የገቢዎን ሁኔታ፣ ባለቤትዎ ቪዛ ጠይቀው ተከልክለው ከሆነ የክልከላውን ደብዳቤ ያያይዙ። ለጥቂት ሳምንታት ኢንተርኔት ተቋርጦ ወይም አንዳችሁ ታማችሁ መልእክቱ የተቋረጠበት ጊዜ ካለም ይናገሩት። የዕድሜ፣ የሃይማኖት ወይም የትምህርት ልዩነት፣ የቀድሞ ትዳር፣ ከትውውቅ እስከ ጋብቻ ያለው ጊዜ ማጠር፣ ዘመድ ያልተገኘበት ሠርግ፣ እነዚህ ሁሉ ኦፊሰሩ ዐይኑ የሚያርፍባቸው ናቸው። አንዳቸውም ወንጀል አይደሉም፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ ዝም ሲል ኦፊሰሩ በራሱ ግምት ይሞላቸዋል። በእኔ ዕይታ በርቀት ያለ ትዳርን ውድቅ የሚያስደርገው ርቀቱ ሳይሆን ያልተብራራ ክፍተትና እርስ በርሱ የማይገጥም ቃል ነው።

ስለ ጉዞዎቹ ብዙ የሚባል የለም፦ የፓስፖርት ማኅተም፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቦርዲንግ ፓስ፣ በሁለታችሁም ስም የተመዘገበ የሆቴል ደረሰኝ ካለ እሱን። ፎቶግራፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሃያውም በሠርግ ልብስ የተነሡ ከሆነ የሚያሳዩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከሠርጉ አምስት ያህል በቂ ነው፤ የቀሩት ከመጀመሪያው ጉዞ፣ ከቤተሰብ ጋር፣ ከጓደኞች ጋር፣ በተለያየ ቦታና ልብስ የተነሣችሁባቸው ይሁኑ። በየፎቶው ሥር ቀኑ፣ ቦታውና አብረው ያሉት ሰዎች ማንነት ይጻፍ። «የባለቤቴ ታላቅ እኅት» የሚል አንድ መስመር ፎቶውን ወደ ማስረጃነት ይቀይረዋል።

የጋራ ሒሳብ አለመኖሩን በተመለከተ፣ አሁን ለማመልከቻው ብላችሁ አትክፈቱ። ከማስገባታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ተከፍቶ ምንም ያልተንቀሳቀሰበት ሒሳብ ለታይታ የተደረገ መስሎ ጥርጣሬን ይጨምራል። ገንዘብ በሐዋላ ልከው ከሆነ ደረሰኞቹን በየወሩ ሰብስበው ለምን እንደተላከ ይጻፉ። በሰው እጅ ከላኩ ደረሰኝ ስለማይኖር፣ ያደረሰው ሰው የሚጽፈው የተፈረመ ማረጋገጫ ደካማ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ይሁን እንጂ ከእርስዎ ወደ እሳቸው ብቻ የሚሄድ ገንዘብ በራሱ የትዳር ምልክት አይደለም፤ ሰው ለወንድሙም ይልካል። ይበልጥ የሚናገረው፣ ባለቤትዎን በሕይወት ኢንሹራንስዎ፣ በጡረታ ቁጠባዎ ወይም በሥራ ቦታ ጥቅማ ጥቅምዎ ላይ ተጠቃሚ አድርገው ማስመዝገብዎ፣ እሳቸውም በአሠሪያቸው ዘንድ ያገባሁ ነኝ ብለው እርስዎን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ማድረጋቸው ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የግብር ጉዳይም አለ። ለካናዳ የገቢዎች ኤጀንሲ ማግባትዎን እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል፤ ባለቤትዎ ውጭ አገር መሆናቸው ይህን አያስቀረውም። ተጋብተው ሳለ ግብር ሲያስታውቁ «ነጠላ» ብለው ከሆነ፣ በስፖንሰርሺፕ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የግብር ሰነድ የራስዎን ቃል ያፈርሰዋል። እንዲህ ሆኖ ከሆነ አሁኑኑ ያስተካክሉትና ማስተካከያውን ያያይዙ። በዚሁ መንገድ የቀድሞ ማመልከቻዎችን ሁሉ ይፈትሹ። ባለቤትዎ ቀደም ሲል የጎብኚ ወይም የተማሪ ቪዛ ሲጠይቁ የጋብቻ ሁኔታቸውን ምን ብለው ነበር? እርስዎስ ቋሚ ነዋሪ ሲሆኑ ትዳር ወይም ልጅ ነበረዎት? በዚያን ጊዜ ያልተገለጸና ያልተመረመረ የቤተሰብ አባል በኋላ ስፖንሰር እንዳይደረግ ደንቡ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። እርስዎ ራስዎ በቀድሞ ባለቤት ስፖንሰርነት የገቡ ከሆነ ደግሞ፣ ቋሚ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ሳይሞላ አዲስ ባለቤት ስፖንሰር ማድረግ አይችሉም።

የቤተሰብና የጓደኛ ደብዳቤ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው አርቅቆ አምስት ሰው የሚፈርምበት ደብዳቤ ጉዳቱ ያመዝናል። ሁለት ሦስት ሰዎች በራሳቸው አነጋገር፣ እናንተን እንዴት እንደሚያውቁ፣ ምን በዐይናቸው እንዳዩ፣ ስለ ትዳሩ መጀመሪያ መቼ እንደሰሙ ይጻፉ፤ የመታወቂያ ቅጂ ያያይዙ። «በጣም ይዋደዳሉ» ከሚል ይልቅ «በሠርጉ ማግስት ቤቴ ምሳ ጋብዣቸው ነበር» የሚል ይመዝናል።

ኦፊሰሩ ባለቤትዎን ለቃለ መጠይቅ ሊጠራቸው ይችላል። ለዚህ መዘጋጀት ማለት መልስ ማጥናት አይደለም። የገባውን ፋይል ሙሉ ቅጂ እሳቸውም ጋር ያኑሩ፤ ያንብቡት፤ ስለ ሥራዎ፣ ስለሚኖሩበት ቤት፣ ስለ ወንድምና እኅቶችዎ፣ ካናዳ ሲመጡ የት እንደምትኖሩ የሚያውቁትን በራሳቸው ቃል ይናገሩ። የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ከመፍጠር ይሻላል። የተቀነባበረ ስክሪንሾት፣ የተቀየረ ቀን ወይም የሐሰት ደረሰኝ ከተገኘ፣ ሕጉ በሐሰት መግለጫ ምክንያት ለአምስት ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገቡ ይከለክላቸዋል፤ ትዳሩ እውነተኛ ቢሆንም። «ማስረጃችሁን እኔ አሳምረዋለሁ» ከሚል ማንኛውም ሰው ይራቁ። በክፍያ ሊወክልዎት የሚችለው ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ብቻ ነው።

ማስረጃውን ለማጠናከር ሲሉ ካናዳን ለቀው ከባለቤትዎ ጋር ለመኖር አስበው ከሆነ ይጠንቀቁ። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ስፖንሰር ማመልከቻው እስኪያልቅ በካናዳ ነዋሪ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ውጭ እየኖሩ ስፖንሰር ማድረግ የተፈቀደው ባለቤታቸው ሲመጡ ተመልሰው ካናዳ እንደሚኖሩ ለሚያሳዩ ዜጎች ብቻ ነው። ለአጭር ጉብኝት መሄድ ግን አይከለከልም፤ ከቻሉ ይሂዱ። ከማስገባትዎ በኋላ የሚመጣ አዲስ ነገርም፣ እርግዝና፣ የአድራሻ ለውጥ ወይም አዲስ ፓስፖርት፣ ሳይውል ሳያድር ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ይገለጽ።

ኦፊሰሩ ከመወሰኑ በፊት ያደረበትን ጥርጣሬ በደብዳቤ ሊያሳውቃችሁ ይችላል። ያ ደብዳቤ ከመጣ ለተነሣው ነጥብ ብቻ፣ በተሰጠው ቀን ውስጥ፣ በማስረጃ መልሱ። ውድቅ ከሆነም፣ ማመልከቻው የቀረበው ባለቤትዎ ከካናዳ ውጭ እንዳሉ በቤተሰብ ክፍል ስለሆነ፣ እርስዎ እንደ ስፖንሰር ለኢሚግሬሽንና ስደተኞች ቦርድ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ክፍሉ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማል፤ በመጀመሪያው ፋይል ያልነበረ ማስረጃ ይቀበላል፤ ከውሳኔው በኋላ የተደረገ ጉብኝትና የቀጠለ ግንኙነትም ይታያል። የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ነው፤ የሚፈለገው ግን ትዳሩ እውነተኛ የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ማመዘኑን ማሳየት እንጂ ከጥርጣሬ ሁሉ ነጻ ማድረግ አይደለም። የይግባኝ ማመልከቻው የውድቅ ምክንያቱ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት፣ ደብዳቤው ወይም ኢሜይሉ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይቆዩ።